ሙቀቱም አላስቀምጥ አለን እሳቱም እየቀረበ ነው፣ መስኮት እንክፈት ወይስ እንዝጋ?

ጠይም ወይራ (ጠያቂ)

ሰላም እንዴት ናችሁ፣ ቶሎ መልስ ስለምፈልግ በቀጥታ ወደ ነገሩ ልግባ። ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ካለፈ ሰንብቷል፣ ሌሊት እንኳን በረድ አይልም፣ ግድግዳው ራሱ እስኪነጋ እንደጋለ ነው። አሁን ደግሞ ከኋላችን ካለው ኮረብታ ማዶ ሰደድ እሳት ተነስቷል። ነበልባሉ ከኛ ቤት አይታይም፣ ጭሱ ግን ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲዞር ሰፈሩን ሁሉ ያለብሰዋል፣ ጠዋት ስንነሳ መኪናው ላይ ስስ አመድ ተኝቶ ነው የምናገኘው። እስካሁን ውጡ ያለን የለም፣ ስልካችን ላይ የገባው "ተዘጋጅታችሁ ጠብቁ" የሚል መልእክት ብቻ ነው።

ቤት ውስጥ ያለነው እኔ፣ ባለቤቴ፣ ሁለት ዓመት ያልሞላት ልጃችንና እናቴ ነን። እማዬ ሰባዎቹን አጋምሳለች፣ የደም ግፊት መድኃኒት ትወስዳለች። ኤሲ የለንም፣ ያለን ቬንትሌተር ነው። መስኮት ስንዘጋ እንታፈናለን ስንከፍት ጭሱ ይገባና ልጅቷ ታስላለች። ባለቤቴ ቀኑን ሙሉ ስልኩ ላይ እሳቱ የት እንደደረሰ የሚያሳየውን ካርታ ሲያይ ይውላል፣ እኔን ግን ይበልጥ ያስጨነቀኝ የእማዬ ነገር ነው። ትናንት ከሰዓት ወንበሯ ላይ ዝም ብላ ተቀምጣ ስጠራት ቶሎ አልመለሰችልኝም፣ ውሃ ስሰጣት "አልጠማኝም" ነው መልሷ። እንውጣ ስላት ደግሞ "ቤቴን ጥዬ የትም አልሄድም፣ እሳቱ ሲመጣ ያኔ እናያለን" ትላለች።

እና ምን ላድርግ? መስኮቱን እንዴት እናድርገው፣ ውጡ እስኪባል እንጠብቅ ወይስ አሁኑኑ እንሂድ፣ እሷንስ በምን ላሳምናት? ያለፈበት ሰው ካለ እባካችሁ።


ሌሊት ተረኛ

እህቴ እኔ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ነው የምሰራው፣ የእሳቱን ነገር ሌሎች ይነግሩሻል እኔ ስለ እናትሽ ልናገር። ጽሁፍሽ ውስጥ ከሁሉም ያስደነገጠኝ "ስጠራት ቶሎ አልመለሰችልኝም" ያልሽው ነው።

ሙቀት የጎዳው ሰው መጀመሪያ ላይ ራሱን ያመዋል፣ ይዝላል፣ ያቅለሸልሸዋል፣ ጡንቻው ይኮማተራል። እዚህ ደረጃ ላይ ከተደረሰበት ቀዝቀዝ ያለ ቦታ አሳርፎ ልብሱን አቅልሎ ቀስ እያሉ ውሃ ማጠጣት አብዛኛውን ጊዜ ይመልሰዋል። ግን መዘባረቅ ከጀመረ፣ የት እንዳለ ግራ ከገባው፣ ሲራመድ ከተንገዳገደ የሰውነቱ ሙቀት 40 ዲግሪ አልፎ ሊሆን ይችላል፣ ያ ማለት አንጎልም ኩላሊትም ልብም አንድ ላይ እየተጎዱ ነው። ያኔ እስቲ ትንሽ ትረፍ ብሎ ነገር የለም፣ አምቡላንስ ትጠሪያለሽ፣ እስኪመጣ ድረስ ልብሳቸውን አውልቃችሁ ውሃ እያፈሰሳችሁ ታራግባላችሁ፣ በረዶ ካለ በጨርቅ ጠቅልላችሁ አንገታቸው ብብታቸውና ብሽሽታቸው ላይ። የተወናበደ ሰው በአፉ ምንም አይሰጠው፣ ትንታ ሆኖ ሳንባው ውስጥ ይገባል። ብዙ ሰው ደግሞ ላብ ካለ ደህና ነው ብሎ ያስባል፣ እያላበውም እዚህ ደረጃ የሚደርስ ሰው አለ ስለዚ በላብ አትፍረዱ፣ በአነጋገራቸውና በአስተያየታቸው ፍረዱ።

"አልጠማኝም" የሚሉት ውሸታቸውን አይደለም። ዕድሜ ሲገፋ የመጠማት ስሜቱ ራሱ ይደክማል፣ ሰውነት ደርቆ እያለ ጥማት አይሰማም። ስለዚ ጠማሽ ወይ ብለሽ አትጠይቂ፣ በሰዓት አንድ ብርጭቆ ቆጥረሽ ስጪ፣ በቀን ቢያንስ ከ2 እስከ 3 ሊትር ነው የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው። ልብ ወይም ኩላሊት ታመው ፈሳሽ ቀንሱ ተብለው ከሆነ ግን መጠኑን ሐኪማቸው ይወስን። የግፊት መድኃኒቱም የሚያሸና ዓይነት ከሆነ በዚህ ሙቀት ውሃና ጨው ያሟጥጣል፣ በራሳችሁ እንዳታቋርጡት፣ ዛሬውኑ ለሐኪማቸው ወይም ለፋርማሲ ባለሙያ ደውላችሁ በዚህ ሙቀት መጠኑ ይስተካከል ወይ በሉ። መድኃኒቱ ራሱም ፀሐይ የሚመታው መስኮት ላይ ወይ መኪና ውስጥ አይቀመጥ።

ቬንትሌተሩን በተመለከተ፣ ክፍሉ ውስጥ ያለው አየር ከ40 ዲግሪ በታች ከሆነ ይረዳል፣ ከዛ ካለፈ ግን የጋለ አየር ነው ሰውነታቸው ላይ የሚነፋው፣ ከማቀዝቀዝ ይልቅ ያሞቃል። ስለዚ በየክፍሉ ቴርሞሜትር አኑሪ። ቆዳን ማርጠብ ግን ሁሌም ይሰራል፣ የረጠበ ቲሸርት ማልበስ፣ እግርን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ መንከር፣ አንገትና ክንድን በእርጥብ ፎጣ ማበስ። የቤታችሁ ቀዝቃዛው ክፍል የቱ እንደሆነ ለይታችሁ ሁላችሁም እዛ እደሩ። ለልጅቷም እንደዛው፣ ውሃ ቶሎ ቶሎ፣ ዳይፐሯ ለሰዓታት ደረቅ ሆኖ ከቆየ ወይ እያለቀሰች እንባ ከሌላት አትጠብቂ፣ ሐኪም ጋ ውሰጂያት።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ፣ ባለቤትሽም ያንብበው። አውስትራሊያ ቪክቶሪያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2009 ፌብሩዋሪ 7 ቀን የተነሳው እሳት 173 ሰው ገደለ፣ ዓለም ሁሉ ያውቀዋል። ከሱ በፊት በነበረው ሳምንት ግን እዛው ቪክቶሪያ ውስጥ በሙቀቱ ምክንያት ከወትሮው 374 ሰው በላይ ነው የሞተው። ከእሳቱ እጥፍ በላይ ማለት ነው፣ እሱን ግን ማንም አያነሳውም፣ ምክንያቱም ሙቀት ሲገድል ጭስ የለውም ሳይረን የለውም፣ ሰው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ነው የሚያልፈው። ካናዳ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ውስጥም በ2021 በአንድ ሳምንት 619 ሰው በሙቀት ሞቶ ከ100 98ቱ ቤት ውስጥ እያሉ ነው፣ አብዛኞቹ አረጋውያን። ካርታውን ማየት ጥሩ ነው፣ ግን የእናትሽን ፊት ከካርታው በላይ እዩ።


ደረቅ ቅጠል

ሌሊት ተረኛ ያለችውን ሁሉ እደግፋለሁ። እኔ ከዚህ በፊት ከሰደድ እሳት ሸሽቼ የወጣሁ ሰው ነኝ፣ ስለ እሳቱ የማውቀውን ልንገርሽ።

መጀመሪያ፣ እሳቱ ኮረብታውን ተሻግሮ በሰልፍ ወደ ቤታችሁ ይመጣል ብላችሁ አትጠብቁ። ቤት የሚያቃጥለው በብዛት ነበልባሉ አይደለም ንፋስ ተሸክሞት የሚመጣው ፍንጣሪ ነው፣ ቅርፊትና ቅጠል እየነደደ ከእሳቱ ቀድሞ ኪሎሜትሮች ርቆ ይወርዳል። እኔ በዓይኔ ያየሁት፣ እሳቱ ገና ሩቅ ነው በተባለ ሰዓት ከጥፍሬ የማትበልጥ ፍም የጓሮ በራችን ምንጣፍ ላይ አረፈች፣ መጀመሪያ ምንም የላትም ቀይ ነጥብ ብቻ ነበረች፣ ከዛ ዙሪያዋ ጠቆር እያለ ሰፋ፣ ቀጭን ጭስ ወጣ፣ ጠርዙ ላይ ትንሽ ሰማያዊ ነበልባል ብቅ አለ። ውሃ ደፋሁበትና ጠፋ። ቤት ውስጥ ሰው ባይኖር ምንጣፉ በሩን፣ በሩ ቤቱን ይዞት ይሄድ ነበር። ስለዚ ዛሬ ሙቀቱ ሲበርድ የምትሰሩት ስራ እሱ ነው፣ ከቤቱ ግድግዳ ዙሪያ ቢያንስ አንድ ሜትር ተኩል ውስጥ የሚነድ ነገር አይኑር፣ ምንጣፍ፣ መጥረጊያ፣ የፕላስቲክ ወንበር፣ የተከመረ እንጨት፣ ደረቅ ሳር፣ ካርቶን ሁሉ ይነሳ። አሸንዳው ውስጥ የተጠራቀመው ደረቅ ቅጠል ይጸዳ፣ ብዙ ቤት የሚያያዘው ከዛ ነው። የኮርኒስ አየር ማስገቢያው ክፍት ከሆነ ቀዳዳው ከ3 ሚሊሜትር በማይበልጥ የብረት ወንፊት ይሸፈን። ቀን ፀሐይ ላይ ግን እንዳትሰሩት፣ ጎህ ሲቀድ ወይ አመሻሽ ላይ፣ እሳት ፈርቶ ሙቀት የጣለው ሰው አይቻለሁ።

ሁለተኛ፣ ቤታችሁ ዳገቱ ላይ ነው ወይስ ታች? እሳት ሽቅብ ሲወጣ ይፈጥናል፣ በግምት የዳገቱ ተዳፋትነት በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ፍጥነቱ እጥፍ ይሆናል። ኮረብታ ማዶ ነው ማለት ወደናንተ ሲወርድ ቀስ ይላል ብሎ ማሰብ ይቻላል፣ ግን ፍንጣሪው ከናንተ በታች ካረፈ እንደገና ሽቅብ ወደናንተ ነው። ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ በላይ፣ የአየሩ እርጥበት ከ30 ፐርሰንት በታች፣ ንፋሱ በሰዓት ከ30 ኪሎሜትር በላይ ሲሆን እሳት አጥፊዎች 30-30-30 ይሉታል፣ ሦስቱ የገጠሙ ቀን ትናንት ያየሽው ካርታ ዛሬ አይሰራም።

ሦስተኛውና ዋናው፣ ውጡ እስኪባል አትጠብቁ። ሊተን የምትባል የካናዳ መንደር በ2021 ጁን 29 ቀን 49.6 ዲግሪ ደረሰች፣ የሀገሪቱ የምንጊዜም ከፍተኛ ሙቀት፣ በማግስቱ እሳት ገባባትና መንደሯ 90 ፐርሰንት ገደማ ወደመች፣ ነዋሪው መልእክት ሳይጠብቅ የያዘውን ይዞ ነው የሮጠው። ካሊፎርኒያ ፓራዳይዝ የምትባል ከተማን በ2018 ኖቬምበር 8 ቀን ያጠፋት እሳት 85 ሰው ገደለ፣ ያን ቀን የከተማው ሕዝብ ባንዴ ወደ ጥቂት መንገዶች ሲወጣ መኪናው ሁሉ ተቆላልፎ መንቀሳቀስ አቃተው። እኛ ስንወጣም ያው ነው፣ ቀትር ላይ ጨልሞ ሁሉም መብራት አብርቶ ቆሟል፣ ኤሲ የሌለው መኪና ውስጥ መስኮት ዘግተሽ ህጻንና አሮጊት ይዘሽ መቆም ምን እንደሆነ አስቢው። ህጻን፣ አረጋዊ፣ በሽተኛ ያለበት ቤት "ተዘጋጁ" ሲባል ነው የሚወጣው። ለናንተ መልእክቱ ደርሷችኋል እኮ።


ጠይም ወይራ (ጠያቂ)

እግዜር ይስጥልኝ ሁለታችሁንም። ሌሊት ተረኛ፣ መድኃኒቷን አሁን አይቼው የሚያሸናው ዓይነት ነው፣ ሐኪሟ ጋ ደውያለሁ መልሰው እንደሚደውሉ ነግረውኛል። ውሃውንም በሰዓት አድርጌ ጀምሬያለሁ። የምንሄድበት የባለቤቴ እህት ቤት አለ፣ ራቅ ይላል ግን ኤሲ አላቸው። የዛሬን ሌሊት ግን እዚሁ ማደራችን ነው፣ እናም መስኮቱ አሁንም ግራ ገብቶኛል። ማስክስ ለልጅቷ ላድርግላት?


አየር ምኞቴ

የመስኮቱን ጥያቄ እኔ ልሞክር፣ ምክንያቱም ሁለቱ ምክሮች ይጋጫሉ፣ የሙቀት ምክር ማታ ክፈቱ ይላል የጭስ ምክር ዝጉ ይላል። የጭሱ ክፉው ክፍል የማይታየው ብናኝ ነው፣ ፒኤም 2.5 የሚባለው፣ ከ2.5 ማይክሮሜትር ያነሰ ስለሆነ ሳንባ ጥልቅ ድረስ ይገባል ደም ውስጥም ይደርሳል። ቢሆንም እናትሽ ባሉበት ሁኔታ ምርጫው ከሁለት አንዱ ከሆነ ቀድሞ የሚገድለው ሙቀቱ ነው። ስለዚ ቤቱ ተዘግቶ የማይቻል ሙቀት ከሆነ ትክክለኛው መልስ ቤቱን ለቆ መሄድ ነው፣ እሳቱ ባይመጣም እንኳን። ለዛሬ ሌሊት ብቻ ከሆነ፣ ጭስ ቀኑን ሙሉ አንድ ዓይነት አይደለም፣ አንቺም ከሰዓት ነፋሱ ሲዞር ይመጣል ብለሻል። የአየር ጥራት የሚያሳይ አፕ ካላችሁ ቁጥሩ ዝቅ ያለበትን ሰዓት ጠብቃችሁ በሁለት ፊት ያሉትን መስኮቶች ከፍታችሁ አየሩ ይለፍ፣ ሲጨምር ዝጉ። ቀን ደግሞ ፀሐይ የሚመታውን መስኮት ከውጭ በኩል ሸፍኑት፣ አንሶላም ቢሆን፣ ከውስጥ ያለው መጋረጃ ሙቀቱ መስታወቱን አልፎ ከገባ በኋላ ነው የሚይዘው። የሸፈናችሁበትን ጨርቅ ስትሄዱ ግን አውርዱት፣ ለፍንጣሪ ማገዶ ነው።

ቬንትሌተር ካላችሁና የአየር ፊልተር ካገኛችሁ፣ ደቃቁን ብናኝ የሚይዘውን መርቭ 13 የሚባለውን ደረጃ፣ ከቬንትሌተሩ ጀርባ በሰፊ ፕላስተር ጥብቅ አድርጋችሁ ብትለጥፉት የክፍሉን ብናኝ በደንብ ይቀንሳል። አራት ፊልተር በሳጥን ቅርጽ አቁመው ከላይ ቬንትሌተር የሚጭኑበት ኮርሲ-ሮዘንታል ቦክስ የሚሉትም አለ፣ ቤት ውስጥ ነው የሚሰራው። ሞተሩ ያረጀ ቬንትሌተር ከሆነ ግን እንዳይግል ተከታተሉት፣ ተኝታችሁ አትተዉት። እናንተ ራሳችሁ የምታመጡትን ጭስም ቀንሱ፣ ሻማ፣ ሲጋራ፣ በዘይት መጥበስ ይቅር፣ ምድጃ ቤቱንም ያሞቃልና ሁለት ጉዳት ነው።

ማስክ ለልጅቷ አይሆንም፣ ከሁለት ዓመት በታች ማስክ አይደረግም፣ ትታፈናለች። ለትልልቆቹ ኤን-95 ዓይነቱ ፊት ላይ ግጥም ካለ ብናኙን ይይዛል፣ የጨርቅና ተራው የሕክምና ማስክ ግን በጎን ስለሚያስገባ ለጭስ ብዙ አይረዳም። እርጥብ ጨርቅ አፍ ላይ ማድረግም አመዱን እንጂ ደቃቁን አይዝም።


ያባቷ ልጅ

እኔ ደግሞ ስለ እናትሽ እምቢታ፣ ምክንያቱም አባቴም እንደዛው ነበር። "እሳቱ ሲመጣ እናያለን" የሚል ሰው እሳቱን ንቆ ላይሆን ይችላል፣ ቤቱን ትቶ የሰው እጅ ማየት፣ ሸክም መሆን ነው የሚከብደው። ሊቃጠል ነው እያልሽ ስታስፈራሪያቸው ይበልጥ ይደርቃሉ። እኛን የረዳን ነገሩን ከቤቱ ወደ ልጆቹ ማዞር ነው። እውነቱን ንገሪያቸው፣ ልጅቷ እያሳለች ነው፣ እዛ ቤት ኤሲ አለ፣ እኔ ብቻዬን መንገድ ላይ አልችላትም፣ አንቺ ካልያዝሽልኝ አልሄድም በያቸው። የሚጠበቁ ሳይሆኑ ልጅቷን የሚጠብቁ ሆነው እንደምትፈልጊያቸው ሲሰማቸው ይነሳሉ። እና "ጥለን እንሂድ" አትበይ፣ "ሙቀቱ እስኪበርድ ቆይተን እንመለስ" በይ፣ እሱም እውነት ነው።

ዕቃቸውን ራሳቸው ይምረጡ። መድኃኒቱን፣ መነጽሩን፣ መታወቂያውን አንቺ አረጋግጪ፣ የቀረውን ግን ተያቸው፣ አባቴ አሮጌ ፎቶዎቹን ከግድግዳ አንድ በአንድ አውርዶ በፎጣ ጠቅልሎ እስኪጨርስ ጠብቀነዋል፣ ከዛ በኋላ ራሱ ነው መኪናው ውስጥ ቀድሞ የገባው። ይሄን ለማድረግ ጊዜ የሚኖረው ግን ቀድማችሁ ከጀመራችሁ ብቻ ነው፣ ፖሊስ በር ሲያንኳኳ ፎቶ የሚወርድበት ጊዜ የለም።


ጠይም ወይራ (ጠያቂ)

እማዬ እሺ ብላለች!! ያባቷ ልጅ ያልሽውን ነው የነገርኳት፣ ዝም ብላ ሰማችኝና "ለልጅቷ ከሆነ እሺ" አለች፣ አሁን ሻንጣዋን እያዘጋጀች ነው። ሐኪሟም ደውሎ መድኃኒቱን እንዴት እንደምትወስድ ነግሮናል። ጎህ ሳይቀድ እንወጣለን። አሁን የቀረኝ ባለቤቴ ነው፣ እናንተን አድርሼ እመለሳለሁ ይላል፣ በውሃ ጎማ ቤቱን እያረጠብኩ እጠብቃለሁ ነው የሚለው።


ደረቅ ቅጠል

ለእናትሽ በጣም ደስ ብሎኛል። ባለቤትሽን ግን እንዳይመለስ አድርጊው። ወንድሜ ካነበብከው፣ የሰፈር የውሃ ግፊት የተሰራው አንድ ቤት ሲቃጠል ለማጥፋት ነው፣ ሁሉም ሰው ባንዴ ጎማ ሲከፍት ጎማህ የሚያንጠባጥበው ይሆናል፣ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ፓምፑም ይቆማል። የነበልባሉ ግለት ራሱ እሳቱ ሳይነካህ ይጥልሃል፣ በዛ ላይ በ40 ዲግሪ ሙቀት ወፍራም ልብስ ለብሰህ ስትሮጥ ሌሊት ተረኛ የነገረችን ነገር በራስህ ላይ ይደርሳል። መንገዱ ከተዘጋ ደግሞ አንተን ሊያወጡ የሚገቡት ሌሎች ናቸው። ለቤቱ ማድረግ የምትችለውን ዛሬ ማታ አድርገው፣ አሸንዳውን ጥረግ፣ ዙሪያውን አጽዳ፣ ከዛ አብረሃቸው ሂድ።

ስትወጡ መስኮትና በር ሁሉ ተዘግቶ፣ መጋረጃና ሶፋ ከመስኮቱ ርቆ፣ ጋዙ ከሲሊንደሩ ላይ ተዘግቶ፣ ሌሊትም ቢሆን ቀን ጥቂት መብራት በርቶ ይቅር፣ በጭስ ውስጥ እሳት አጥፊዎቹ ቤቱን የሚያዩት በሱ ነው። ውሃ ከፍታችሁ አትሂዱ፣ ግፊቱን ነው የምትቀሙባቸው። ነዳጅ ዛሬውኑ ሙሉ፣ መኪናውን አፍንጫውን ወደ መንገዱ አዙራችሁ አቁሙት፣ ሁለተኛ መውጫ መንገድም ኔትወርክ ቢጠፋ እንዲሆን ወረቀት ላይ ጻፉት። ሁላችሁም የጥጥ ልብስ፣ ረጅም እጅጌና የተሸፈነ ጫማ ልበሱ፣ ናይሎን ነክ ነገር ቆዳ ላይ ይቀልጣል። ውሃ ከምታስቡት በላይ ያዙ፣ ግማሹ እናትሽና ልጅሽ ከሚቀመጡበት ወንበር ስር ይሁን፣ ሻንጣ ክፍል ውስጥ የተቆለፈ ውሃ መንገድ ሲዘጋ አይገኝም። ደርሳችሁ እዚህ ጻፊልን።


ሌሊት ተረኛ

መኪናው ውስጥ ስትገቡ የአየር ማዞሪያው የውስጡን አየር የሚያሽከረክረው ላይ ይሁን፣ የውጩን አታስገቡ። ነዳጅ ለመቅዳት ስትቆሙም እናትሽንና ልጅሽን መኪና ውስጥ ትታችሁ እንዳትወርዱ ለሁለት ደቂቃም ቢሆን። የረጠበ ፎጣ በላስቲክ ከረጢት ይዘሽ በየመሃሉ አንገታቸውን አብሺላቸው፣ እያዋራሽያቸው ሂጂ፣ መልሳቸው እንደወትሮው ካልሆነ መንገዱን ትታችሁ ቅርብ ወዳለው ሐኪም ቤት ግቡ።